ጳጉሜ የሌለው መታወቂያ

ሆሳዕና ከተማ በምማርበት ትምህርት ቤት የኮምፒውተር ክበብ ውስጥ ነኝ። የክበባችን ኃላፊ ቲቸር የተማሪዎችን መታወቂያ እንድሠራ ሲያዙኝ፣ ኮምፒውተሩ ከመዝገብ ስም፣ ክፍልና የልደት ቀን እየሞላ የሚያትመው ቴምፕሌት፣ ማለትም ባዶ ቅጽ፣ አዘጋጀሁ። ባዶ መስመር ካገኘም እንዲያጠፋው አዘዝኩት።

መታወቂያው በታደለ ማግስት ምሕረት የምትባል፣ ከሌሞ ገጠር በጋሪ የምትመጣ ልጅ እኔና ቲቸር ያለንበት ቢሮ ገባች።

«የኔ ልደት የታለ? አልተወለድኩም እንዴ?»

ስሟ አለ፤ ከሥሩ ክፍሏ። የልደቱ መስመር በእጅ የሚጻፍበት ቦታ እንኳ ሳይተው ጠፍቷል። ነገ ፈተና ነው፤ ያልተሟላ መታወቂያ ደግሞ አያስገባም።

«መቼ ተወለድሽ?» አልኳት በቀስታ።

«ጳጉሜ ሦስት።»

ያኔ ገባኝ። የቀን አጻጻፉን ከፈረንጆቹ ስወስድ የወራቱን ስም ብቻ ቀይሬ አሥራ ሁለት ላይ አቁሜያለሁ። ኮምፒውተሩ አሥራ ሦስተኛ ወር ሲያጣ ባዶ አደረገው፤ ባዶውንም እንዳዘዝኩት አጠፋው።

ቲቸር ሳቁ። «መስከረም አንድ በላትና ገላግላት።»

«እምቢ! ልደቴንማ አላስነካም!»

ጳጉሜን ጨምሬ አተምኩላት። ሳመችው፤ መታወቂያውን ማለቴ ነው።

እሷ እንደወጣች ቲቸር በሩን ገፋ አድርገው ዘጉና የራሳቸውን መታወቂያ አወጡ። የልደቱ መስመር መስከረም አንድ ይላል።

«የኔንም አስተካክልልኝ» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፤ «እናቴ የወለደችኝ ጳጉሜ አምስት ነው።»