ለየትኛው አውሮፕላን

ጂንካ ከተማ መሀል ያለው ያ ሰፊ ሜዳ ድሮ አውሮፕላን ማረፊያ ነበር። ላም ይግጥበታል፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል፣ ሰው ከአንዱ ሰፈር ወደ ሌላው ያቋርጥበታል። ከተራራው ጀርባ የአውሮፕላን ድምፅ ሲሰማ ታዲያ ጥበቃው ፊሽካውን ይነፋል፤ ልጆች ከብቱን ያባርራሉ፤ ሜዳው ባዶ ይሆናል። አውሮፕላኑ ከተማውን ዞሮ እስኪያርፍ ድረስ አንዲት ሴት እጇን ታጥባ፣ ነጠላዋን ደርባ ሜዳው ዳር ትደርሳለች። የሚጠብቀው ዘመድ ያለውም የሌለውም ይወጣል። "ማን መጣ?" ይባባላል ሰው። ማንም ይምጣ፣ ሰላም ሳይባል ሜዳውን አያልፍም።

ጤናዬ ያንን ሜዳ እንደ ጓሮዋ ነው የምታውቀው። ዳር ላይ ሙዝ እየሸጠች ነው ልጇን ምህረትን ያሳደገቻት። ምህረት ጡት ሳትጥል ባሏ ስለሞተ፣ ቤቱ ውስጥ የነበሩት እናትና ልጅ ብቻ ናቸው። አውሮፕላኑ ሲነሳ ትንሿ ምህረት የሙዝ ሣጥን ላይ ወጥታ እጇን ታውለበልባለች።

"እማ፣ ከላይ ያዩናል?"

"ነጠላ ከያዝሽ ያዩሻል። ነጭ ነገር ከሩቅ ይታያል" ትላታለች ጤናዬ። እሷ ራሷ አውሮፕላን ውስጥ ገብታ አታውቅም። እንደዚያ መሆን አለበት ብላ ነው።

ምህረት አስረኛ ክፍል ጨርሳ ውጤት ሳይመጣላት ሲቀር ለቤት ሠራተኛነት ቤይሩት ሄደች። ሁለት ዓመት ብላ የሄደችው ከአስር ዓመት አለፈ። በስልክ ስትጠየቅ ማዳም ክፉ ሰው አይደለችም ትላለች፤ ግን የእረፍት ፈቃዱ በየዓመቱ "ለሚቀጥለው" ይባላል። ጂንካም በዚህ መሀል አዲስ አውሮፕላን ማረፊያ ከከተማ ወጣ ብሎ ተሠራላት፤ የድሮው ሜዳ ፊሽካ የሚነፋበት ጠፋ። ጤናዬ ሙዟን ወደ ገበያ አዞረች። ማታ ማታ ለአንድ ሰው ብቻ መቀቀል ሲሰለቻት፣ አንዳንዴ ዳቦ ነክሳ ትተኛለች።

ባለፈው ጥቅምት ምህረት ደወለች።

"እማ፣ እነማዳም አቢጃን ሊዛወሩ ነው። እኔንም ይዘውኝ ይሄዳሉ።"

"የት ነው ደግሞ እሱ?"

"ምዕራብ አፍሪካ። ሩቅ ነው። ግን ስሚኝ! በአዲስ አበባ ነው የምናልፈው። ጠዋት ገብተን ከሰዓት እንነሳለን። እስከዚያ አየር መንገዱ ሆቴል ያሳርፈናል። የትኛው ሆቴል እንደሆነ ስንደርስ ነው የሚነግሩን። አንቺ ቦሌ አካባቢ አልጋ ያዢና ጠብቂኝ፤ እደውላለሁ። ብቻ ከስልክሽ እንዳትርቂ!"

ጤናዬ ጎደሬ ከጓሮዋ ነቅላ፣ አፈሩን አራግፋ በፌስታል ቋጠረች። ቤቷን ለጎረቤቷ ለውባንቺ አደራ ሰጥታ አውቶቡስ ተሳፈረች። ፊቷን ብቻ ልየው፣ ከዚህ የባሰ ሩቅ ሳትሄድብኝ አንዴ ልየው፤ መንገዱን ሁሉ የጸለየችው ይህንኑ ነው።

ያረፈችበት ፔንሲዮን ከአውሮፕላን ማረፊያው ብዙም አይርቅም። ክፍሉ ንጹሕ ነው፤ አንሶላው ሳሙና ሳሙና ይላል። ግን እንዲህ ያለ ቤት አይታ አታውቅም። የሚገባው ሰው ሁሉ ነገ የሚሄድ ነው። በኮሪደሩ ሻንጣ የሚጎትት ሰው ሲያልፍ "እንደምን ዋልክ?" አለችው። ሰውየው ስልኩ ላይ እንዳፈጠጠ አለፋት። ተጣልተን ነው እንዴ? አለች በልቧ። ጂንካ ቢሆን ሰላምታ ያልመለሰ ሰው ሽማግሌ ይላክበት ነበር።

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ሳለ መስኮቱ ተርገፈገፈ። አውሮፕላን! ነጠላዋን ደርባ ደረጃውን ወረደች። እንግዳ ተቀባዩ ተስፋሁን ከባንኮኒው ቀና አለ።

"ማዘር፣ ወዴት ነው?"

"አውሮፕላን መጣ እኮ።"

"ልጅዎ ነገ ጠዋት አይደል የምትደርሰው?"

"እሱስ ነገ ነው" አለች ጤናዬ። እግሯ እንጂ እሷ መች ወረደች።

ነጠላዋን አጥፋ ሳትጨርስ ሌላው መጣ። ከዚያ ሌላው። በሦስተኛው ተስፋሁን ሳቁን መያዝ አቃተው። "ማዘር፣ ይሄ ቦሌ ነው! ለእያንዳንዱ ከወረዱ ደረጃችን ያልቃል።"

ክፍል የምታጸዳው ሮዳስ የምትባል የሶዶ ልጅ ነበረች። እሷም ሳቀች፤ ግን የእሷ ሳቅ ሰው አያቆስልም። "እርስዎ ይቀመጡ፣ እኔ ሻይ ላምጣልዎት" አለቻት።

"ልጄ፣ አንቺ በዪኝ። እርስዎ ስትዪኝ ከኋላዬ ሌላ ሰው የቆመ ይመስለኛል።"

"አለቃችን እንግዳን እርስዎ በሉ ብሎ ነው እኮ።"

"አለቃሽ አሁን እዚህ አለ?"

"የለም።"

"እንግዲያው ሻይሽን አምጪና አብረን እንጠጣ።"

በማግስቱ ጠዋት ሮዳስ ጎደሬውን ወጥ ቤት ወስዳ ቀቀለችላት። ጤናዬ ፀጉሯን ተሠራች፤ ለቸርች የምትለብሰውን ቀሚስ ለበሰች። የክፍሉ ሶኬት ልል ስለነበረ ስልኳ ባትሪ ጨርሶ ተዘግቶ አድሯል፤ ባንኮኒው ላይ ቻርጅ ሰካችው። አጠገቡም ተቀመጠች። አልራቀችም።

ያኔ ነው ትልቁ የመጣው። ድምፁ ጣሪያው ላይ የተኛ እስኪመስል ድረስ ዝቅ ብሎ አለፈ። ጠዋት ነው። ጠዋት ብላኛለች። እሷ ናት! ጤናዬ ትኩሱን ጎደሬ በፌስታል እንደያዘች ወጣች። ተስፋሁን ሒሳብ ከሚዘጋ እንግዳ ጋር ነበርና አላያትም። መንገዱን እየጠየቀች፣ እየሮጠች፣ አውሮፕላን ማረፊያው ደጅ ደረሰች። አበባ የያዘ፣ ስም የተጻፈበት ወረቀት የያዘ ሰው ሞልቷል። እሷም ከኋላቸው ቆማ የሚወጣውን ፊት ሁሉ አንድ በአንድ ማየት ጀመረች። እዚህ "ማን መጣ?" ብሎ የሚጠይቃት የለም። ሁሉም የራሱን ሰው ያቅፍና ይሄዳል። ቦታው ባዶ ሳይሆን ሌላ ሰው ይቆምበታል። ጎደሬው እጇ ላይ ቀዘቀዘ። ፀሐይ አናቷ ላይ ስትደርስ ነው ስልኳ ትዝ ያላት።

ዞር ስትል ሮዳስ የሥራ ሽርጧን እንደታጠቀች ሰው እየገፋች ስትመጣ አየቻት።

"እማ! የት ሄደሽ ነው? ስልክሽ ስንት ጊዜ ጮኸ! ተስፋሁን የእንግዳ ስልክ አላነሳም ብሎ፣ እኔ ከላይ ስወርድ አነሳሁት። ልጅሽ ናት፤ ለካ ሌሊቱን ነው የገቡት። ሆቴላቸው እዚሁ ነው። ቶሎ በዪ፣ ሊሄዱ ነው!"

"እንግዲያ ይሄ አውሮፕላን…"

"የሌላ ሰው ነው እማ! ነይ!"

ሆቴሉ በር ላይ ሲደርሱ ሚኒባሱ ሞተሩን አስነስቷል። ሻንጣ እየተጫነ ነው። በሩ አጠገብ ወፈር ያለች፣ ፀጉሯን በሻሽ የጠቀለለች ሴት ሕፃን ታቅፋ ወዲያና ወዲህ ታያለች። ጤናዬ አልፋት ልትሄድ ነበር።

"እማ!"

ድምፁ ነው ያቆማት። ማዳም ሕፃን ልጇን ልትቀበላት እጇን ዘረጋች፤ ሕፃኑ ግን ጮኾ ምህረት አንገት ላይ ተጠመጠመ። ስለዚህ እናትና ልጅ የተቃቀፉት ሕፃኑን መሀል አድርገው ነው።

"የት ነበርሽ እማ? ከሌሊት ጀምሮ እደውላለሁ!"

"ጠዋት ብለሽኝ… አውሮፕላን ሰምቼ ወጣሁ።"

ምህረት ትክ ብላ አየቻት። ከዚያ ሳቀች፤ ሳቋ መሀል ላይ ወደ ልቅሶ ተለወጠ። "እንደ ጂንካ?"

"እንደ ጂንካ።"

ጤናዬ በአውቶቡስ ስታሰናዳው የመጣችው ወሬ ሁሉ ጠፋባት። ፌስታሉን ብቻ ሰጠቻት። ምህረት ከፍታ አሸተተችው፤ አንዱን ላጠችና ገመጠች። ለሕፃኑም ቆረሰችለት።

"የጓሯችን ነው?"

"የጓሯችን ነው።"

"እስካሁን ይበቅላል?"

"ምን ይከለክለዋል። አንቺ ስትመጪ ደግሞ ሌላ ይኖራል።"

ሹፌሩ ጥሩምባ ነፋ። ማዳም የምህረትን ትከሻ ነካ አደረገች። ምህረት ከገባች በኋላ መስኮቱን ከፍታ አንገቷን አወጣች። "እማ! ነጠላሽን ያዢ፣ እሺ? ከላይ አይሻለሁ!"

ሚኒባሱ ሄደ። ሮዳስ የጤናዬን ክንድ ይዛ መለሰቻት።

ከሰዓት በኋላ ሮዳስ አንሶላ ልታሰጣ ወደ ፔንሲዮኑ ሰገነት ስትወጣ ጤናዬም ተከተለቻት። ከዚያ ላይ አውሮፕላኖቹ ሲነሱም ሲያርፉም ይታያሉ። ጤናዬ ነጠላዋን ከትከሻዋ አውርዳ ጫፍና ጫፉን ያዘች። አንዱ ሲነሳ አውለበለበችለት። ሌላው ሲነሳ አውለበለበችለት። የምህረት የትኛው እንደሆነ አታውቅም። ለአንዱ ብትሰንፍና እሱ ቢሆንስ? ክንዷ ሲዝል ወደ ሌላው እጅ ታዞረዋለች።

ሮዳስ አንሶላውን እየዘረጋች ታያታለች። ሌላ አውሮፕላን ዝቅ ብሎ መጣ፤ ጤናዬ ለእሱም ነጠላዋን አነሳች።

"እማ፣ እሱ እኮ የሚያርፍ ነው። አሁን መግባቱ ነው።"

"አውቃለሁ" አለች ጤናዬ፣ ክንዷን ሳታወርድ። "ታዲያ የመጣውስ ሰው አይደል? እዚህ አገር ሰላም የሚለው ማን አለ?"

ሮዳስ እጇ ላይ የቀረውን እርጥብ አንሶላ ሁለት ጫፉን ይዛ፣ ራሷ ላይ ውኃ እየተንጠባጠበባት፣ እያሳቃት ከፍ አደረገችው።