ቆቋ መንገድ ስታቋርጥ

አባቴ ዕድሜያቸውን የፈጁት መሪ ጨብጠው ነው። ከመንዝ ደብረ ብርሃን አውቶቡስ ሲያመላልሱ ጸጉራቸው ሸበተ። አምና በበልግ ስትሮክ መታቸውና ቀኝ ጎናቸው ዛለ፤ አንደበታቸውም ተያዘ። እኔ ሞላሌ አስተማሪ ነኝና ከኔ ዘንድ አመጣኋቸው። ሐኪሙ በየቀኑ እንዲራመዱ ቢነግራቸውም ክረምቱን ሙሉ ጋቢያቸውን ተከናንበው መስኮት ሥር ዋሉ። እግራቸውን ሲጎትቱ ሰው እንዲያያቸው አልፈለጉም። ብለምናቸው ብለምናቸው እምቢ ሲሉኝ እኔም ተውኩት።

መስከረም ጠብቶ ሰማዩ ሲጠራ ግን አላስቻለኝም።

"አባባ፣ ከከተማው ጀርባ ወዳለው የጥድ ደን እንሂድ። እዚያ ብዙ ሰው አይገኝም" አልኳቸው።

ትንሽ አሰቡና ምርኩዛቸውን በግራ እጃቸው ያዙ።

ከደኑ ዳር አደይ አበባው መሬቱን አልብሶታል። ገባ ስንል ጥላው ቀዘቀዘን፤ ጭቃው ገና አልደረቀም። ከጥዶቹ ሥር ስማቸውን የማላውቃቸው ደቃቅ ሰማያዊ አበቦች ፈክተዋል። ፀሐይ ከምታገኘው ሜዳ ላይ ደግሞ ወይን ጠጅ አበባ ያወጣ ሣር ነበር። አባቴ ቆሙና በምርኩዛቸው ገለጥ አደረጉት።

"ማ... ገጥ" አሉ። "ከብት... ይወዳል።"

ከመታመማቸው ወዲህ ሳይጠየቁ ሲናገሩ የመጀመሪያቸው ነበር። ደስታዬን ብገልጠው የሚያፍሩ መስሎኝ "አዎ፣ ይወዳል" ብቻ አልኩ።

ጥቂት እንደሄድን ግራ ክንዳቸው ድንገት ደረቴ ላይ አረፈ።

"ፍሬን!"

ጥርት ያለ ቃል ነው። ደንግጬ ቀጥ አልኩ። አንዲት ቆቅ ከቁጥቋጦው ወጥታ አንገቷን አስግጋ መንገዱን እየቃኘች ነው። ቀስ ብላ ስትሻገር ጫጩቶቿ ተከተሏት። የመጨረሻው ጫጩት ጭቃ ውስጥ ወደቀና እየተንደፋደፈ ተነሣ። ሁላቸውም ሣሩ ውስጥ እስኪጠፉ አባቴ ክንዳቸውን አላነሡም።

"አሁን... እለፊ" አሉኝ።

ሳቄ አመለጠኝ። እሳቸውም አፋቸው ወደ አንድ ወገን እየተጣመመ ሳቁ፤ እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ።

ስንመለስ እንጨት የተሸከመች ሴት ከፊታችን መጣች። ፊታቸውን ያዞራሉ ብዬ ፈራሁ።

"እንዴት ዋሉ አባቴ?" አለች።

"እግዚ... እግዚአብሔር... ይመስገን" አሉ፣ እየታገሉ። ሴትዮዋ ሸክሟ ጀርባዋ ላይ እንዳለ ቆማ እስኪጨርሱ ጠበቀቻቸው።

በማግስቱ ጠዋት ገና ቁርስ ሳልሠራ ጫማቸውን በአንድ እጃቸው ለማጥለቅ ሲታገሉ አገኘኋቸው። ከዚያ ወዲህ የቀሩበትን ቀን አላስታውስም። እግራቸው ዛሬም ይጎተታል፤ ቃላቸውም ሁሉ አልተመለሰም። ግን አሁን በገበያው መሐል ያልፋሉ፤ ሰላም የሚላቸውን ሁሉ ቆመው ሰላም ይላሉ። ማታ ማታ ደግሞ ደኑ ውስጥ ያዩትን ይነግሩኛል። ትናንት ከጥዶቹ መሐል ድኩላ አይተዋል። እንዴት አንገቷን መልሳ እንዳየቻቸው ሊያሳዩኝ ከመቀመጫቸው ተነሡ።