አባቴ ያስመነጠሩት ዱር

ምላሴ አያርፍም። እናቴ «ይኸ አፍህ አንድ ቀን ያስለቅስሃል» ትለኝ ነበር፤ ያስለቀሰው ግን አባቴን ነው።

በጃንሆይ ዘመን፣ ፍኖተ ሰላም አስተማሪ ሳለሁ፣ በጥር ወር አንድ ጃፓናዊ ፎቶ አንሺ መጣ። ዕድሜውን ሙሉ ከአገር አገር እየዞረ ደን የሚያነሳ ሰው ነው። ሰው አያነሳ፣ ቤት አያነሳ፤ ዛፍ ብቻ! እንግሊዝኛ ስለምችል አስተርጓሚ ሁን ተባልሁና ቡሬ አጠገብ ወዳለው ወደ አባቴ ዱር ወሰድሁት። ዝግባውና ወይራው ከአያቴ የተወረሰ ነው። ሳይጠይቃቸው ጭራሮ ከለቀመ ሰው ጋር እንኳ አባቴ ይጣሉ ነበር።

ጃፓናዊው ባለ ሦስት እግሩን የካሜራ ማቆሚያ ተክሎ፣ ጥቁር ጨርቅ ተከናንቦ፣ ብርሃን እየጠበቀ አንዱን ዝግባ ሲያይ ዋለ። የአባቴ ጎረቤት ጠጋ ብሎ «ምን እየሠራ ነው፣ መምህር?» አለኝ። ያን ሰሞን መሬት ሊለካ ነው፣ ያልታረሰውን መንግሥት ይወስደዋል የሚል ወሬ አገሩን አምሶታል። እኔ ሆዬ፣ ፀሐዩ አንገብግቦኝ፣ «አታይም እንዴ? መሬታችሁን እየለካ ነው! እንግዲህ የት ትገቡ?» አልሁት። ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም። እኔም ቀልዴን ነው ሳልለው እንግዳዬን ይዤ ሄድሁ።

በመስከረም ጃፓናዊው ያንኑ ዝግባ ከክረምት በኋላ ላንሳው ብሎ ተመለሰ። አፈር ልብላ፣ እኔም እስከዚያ አባቴን ሳልጠይቅ ነው የከረምሁት። ስንደርስ ጉቶ ብቻ! በጉቶዎቹ መካከል ጤፍ በቅሏል፤ አባቴ ዳር ላይ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ይጠብቁታል።

«በስመ አብ!» አልሁ።

ጃፓናዊው የዝግባውን ጉቶ ዳበሰና «ለምን እንደቆረጡት ጠይቅልኝ» አለኝ።

«ይኸ ሰውዬ መሬቱን ሲለካው ነበር አሉ» አሉኝ አባቴ። «የታረሰውን ይተዉልናል ብለን ሰኔን ሙሉ ስንመነጥር ከረምን። ዝግባው ሲወድቅ ላለማየት ቤት ገብቼ ዘጋሁ።»

«ምን አሉ?» አለ ጃፓናዊው።

«በሽታ ገባበት ይላሉ» ብዬ ተረጎምሁለት። ዛሬም ይህን ሳስብ አፍራለሁ።

እሱም ከቦርሳው የዝግባውን ፎቶ አውጥቶ ለአባቴ ሰጣቸው። ከመቀመጫቸው ተነሥተው በሁለት እጃቸው ተቀበሉት። ትክ ብለው አዩት።

«ዛፉን ወዶ ነው እንዴ የመጣው?»

«አዎ፣ አባዬ።»

«አንተስ ያን ጊዜ ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

ፎቶውን መለሱልኝ። «አንተ ውሰደው፤ እኔ እዚህ ጉቶውን አያለሁ» አሉኝ።