ከዑለያ እስከ ሰናዒያ፣ የዛገ ፍሬን ይዘን

ሪያድ፣ ዑለያ፣ ንጋት 11 ሰዓት ተኩል

የሱብሒ ሶላት ሰግጄ እንዳበቃሁ ወጥቼ ካርቶኑን ከመኪናችን ሥር ሳብኩት። ማታ ማታ ከመኪናው ሥር ካርቶን ማንጠፍ ልማዴ ነው። ባለቤቴ ሰይድ "እንደ ሕፃን ያረጥባል ብለሽ ነው?" እያለ ይስቅብኛል። ዛሬ ግን አልሳቀም። ካርቶኑ ላይ ሁለት እድፍ አለ። አንዱ መሀል ላይ ነው፤ ናፍጣ ይሸታል። ሌላው በኋላ ጎማ በኩል ነው፤ ሲነኩት ያሟልጫል። በእስክሪብቶ በአንደኛው ጫፍ "ፊት"፣ በሌላኛው "ኋላ" ብዬ ጻፍኩና አጥፌ ብብቴ ሥር ያዝኩት።

የዚያን ቀን ውሎ በልጄ ደብተር ጀርባ ጭሬው ነበር፤ አሁን አስተካክዬ ነው የምጽፍላችሁ። ሞባይል ገና በሁሉም ሰው እጅ ያልገባበት ዘመን ነው። የሰይድ አሠሪ፣ ከፊሉ፣ ሥራውን ወደ ጅዳ አዛውሮታል። ስለዚህ በማግሥቱ ዕቃችንን ጭነን፣ ሁለቱን ልጆች በመሀላችን አስቀምጠን፣ በጣኢፍ ተራራ ቁልቁል ልንወርድ ነው። ያንን ቁልቁለት አንድ ጊዜ አይቼዋለሁ። መንገዱ እንደ ወደቀ ገመድ ይጠማዘዛል፤ ዝንጀሮዎች የመንገዱ ግንብ ላይ ተቀምጠው ከታች ያለውን ገደል ይመለከታሉ።

ልጆቹን ጎረቤታችን ፋጡማ ጋ ተውኳቸው። እኔ ግን ከሰይድ አልቀርም አልኩ። ብቻውን ከሄደ የሚያንጠባጥበውን በላስቲክ አስሮ እንደሚመለስ አውቃለሁ።

ወደ ባጥሐ፣ ጠዋት 12 ሰዓት

አሮጌ የጃፓን የጭነት መኪና ናት፤ ጅዳ ላይ አርጅታ ነው ለእኛ የደረሰችው። ሰይድ በሁለተኛ ማርሽ ያዘግማል። ፍሬኑን ሲረግጥ ፔዳሉ ወለሉ ድረስ ይሰምጣል፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ሲደጋግመው ነው መኪናው የሚሰማው። ግራና ቀኝ ገና እየተሠሩ ያሉ ፎቆች ቆመዋል፤ ክሬኑ ጫፍ ላይ ያለው መብራት ገና አልጠፋም። ቱታ የለበሱ የጽዳት ሠራተኞች በሰልፍ ወደ መሥሪያ ቤቶቹ ይገባሉ።

እኔ ሰው ባየሁ ቁጥር ቀኝ እግሬ ወለሉን ይረግጣል።

"ወለሉን ልትበሺው ነው" አለኝ ሰይድ።

"አንተ መንገዱን እይ።"

"አንቺ እያለሽልኝ ፍሬን ምን ያደርግልኛል?"

ባጥሐ ላይ ቆምን። ከአፍጋኖቹ ምድጃ ታሚስ ዳቦ በአንድ ሪያል፣ ፉል በሁለት ሪያል ገዛንና መኪናው ውስጥ በላን። ገንዘብ ላኪ ቤቶቹ ገና አልተከፈቱም፤ ወረፋው ግን ከወዲሁ ተይዟል፤ ገሚሱ የእኛው አገር ሰው ነው። ሰይድ ከባቃላው፣ ከሰፈሩ ሱቅ፣ ሳሙና ገዝቶ መኪናው ሥር ገባ፤ ናፍጣ የሚያዣበትን ቦታ በሳሙና ለስኖ እጁን እየጠረገ ወጣ። ሳሙና ከወሎ እስከ ሪያድ የሾፌር መድኃኒት ነው።

"ኸላስ፣ ቆመ። እንመለስ?" አለ።

ካርቶኑን ጭኔ ላይ ዘርግቼ በጣቴ የኋላውን እድፍ አሳየሁት። በዲራ በኩል አድርገን ወደ ደቡብ ቀጠልን።

ሰናዒያ፣ ጠዋት 2 ሰዓት

ሰናዒያ መኪና የሚሠራበት ሰፈር ነው። እንዲህ ያለ ቦታ በዓይኔ አይቼ አላውቅም። መንገዱ ራሱ በዘይት ጠቁሯል። በአንዱ ሱቅ ሞተር ብቻ ተደርድሯል፤ በሌላው የመኪና በር ብቻ፤ በሌላው መስታወት ብቻ። የሰው እጅ ይህን ሁሉ ፈቶ፣ ይህን ሁሉ መልሶ ይገጥማል ብዬ አፌን ይዤ ቀረሁ። ሴት ግን ከእኔ በቀር አላየሁም። ዓባያዬን አጥብቄ፣ ኢቃማዬን፣ የመኖሪያ ፈቃዴን፣ በእጄ ይዤ ተቀመጥኩ።

መካኒኩ ጋሽ ታደሰ ይባላሉ፤ የናዝሬት ሰው ናቸው፤ ፀጉራቸው ሸብቷል። ካርቶኑን በመስኮት አቀበልኳቸው። መነጽራቸውን አውርደው አዩት፤ አሸተቱት፤ የፍሬኑን ዘይት በሁለት ጣታቸው አሹት።

"እህቴ፣ ላብራቶሪ ነው እንዴ ያመጣሽኝ?"

"ፊቱ በዚህ በኩል ነው ጋሼ።"

"አነበብኩት። ሐኪም እንኳ እንዲህ የተጻፈበት አያገኝም።" ወደ ሰይድ ዞሩ። "አንተ ያላወቅኸውን እሷ አውቃለች።"

መኪናውን በክሪክ አንሥተው፣ እንጨት አስደግፈው ሥሩ ገቡ። ከዚያ ድምፃቸው ብቻ ይሰማል።

"የጅዳ መኪና ናት?"

"በምን አወቁ?" አለ ሰይድ።

"ሪያድ ብረት አይዝግም። ይቺ ባሕር ጠጥታለች። እነዚህን የፍሬን ቱቦዎች የብር ቀለም ማነው የቀባቸው?"

ሰይድ መዳፉን በሱሪው ጠረገ። ጋሽ ታደሰ ደግመው ጠየቁ።

"እኔ ነኝ" አለ በመጨረሻ። "ለዓመታዊው ምርመራ እንዲያምር ብዬ ነው።"

ጋሽ ታደሰ በጠመንጃ መፍቻ ጫፍ ቀለሙን ፋቅ ፋቅ አደረጉት። የወደቀውን ይዘው ወጥተው መዳፌ ላይ አኖሩልኝ። ከላይ እንደ ብር ያበራል፤ ሥሩ ቡናማ ቅርፊት ነው። በጣቴ ስነካው እንደ ደረቀ ቅጠል ተፈረካከሰ።

"የሚያንጠባጥበው አንዱ ቱቦ ነው አይደል? እሱን ብቻ ይቀይሩልን" አለ ሰይድ። "ነገ ጭነት አለብን።"

"ሁሉም ካልተቀየረ ልጆቼ አይሳፈሩም" አልኩ። "እኔና እነሱ በአውቶቡስ እንሄዳለን።"

በሰው ፊት እንዲህ ብዬው አላውቅም። ሰይድ አንገቱን አዞረ። ጋሽ ታደሰ መሀላችን አልገቡም። የሚያንጠባጥበውን ቱቦ ፈትተው መውጫውን ደፈኑና "ና ግባ፤ ገደል አፋፍ ላይ እንዳለህ አድርገህ ርገጠው" አሉት።

ሰይድ ገብቶ ረገጠ። አንድ፣ ሁለት። በሦስተኛው ከሥር ጠሽ የሚል ድምፅ ተሰማ። ዘይቱ ከፊት በኩል፣ ምንም እድፍ ካልነበረበት ቦታ፣ በቀጭኑ ተፈናጥሮ ግድግዳው ድረስ ሄደ። በቀለሙ ሥር ደህና የመሰለን ቱቦ ነው የፈነዳው። መኪናው እንጨት ላይ ተደግፎ ቆሟል፤ ልጆቹ ፋጡማ ቤት ናቸው። ይህን እያወቅኩም ልጆቹን በዓይኔ ፈለግኳቸው።

ሰይድ ከመኪናው ወርዶ ግድግዳውን አየ። "ሁሉንም ይቀይሩ" አለ። "የናፍጣውንም።"

እዚያው፣ ቀትር

አሮጌዎቹ ቱቦዎች መሬት ላይ ተዘረጉ። አንዱም ከእስክሪብቶ አይወፍርም። እኔ መኪና የሚያቆመው ትልቅ ብረት ይመስለኝ ነበር።

ጋሽ ታደሰ መለኪያ አልያዙም። ቀጭን ሽቦ ወስደው አሮጌው ቱቦ በሄደበት መንገድ፣ በሻንሲው ጎን፣ በሰርባትዮው፣ በናፍጣ ማጠራቀሚያው፣ ሥር፣ ጠመዘዙት። ከዚያ አዲሱን ቱቦ በሽቦው አምሳል አጠፉት። እጃቸው አልቸኮለም፤ አልተሳሳተምም።

"መዳብ ቢሆን አይቀልም?" አለ ሰይድ። "የማቀዝቀዣ ቱቦ ከተማው ሙሉ ነው።"

"መዳብ ቤትህን ያቀዝቅዝ። ፍሬን ላይ ይደክማል።" ጫፉን በመሣሪያ ነክሰው አፉን ዘረጉት፤ መልሰው ወደ ውስጥ አጠፉት። "ቱቦም እንደ ሰው በአፉ ነው የሚጠፋው።"

አዛን ሲል ያ ሁሉ መዶሻ በአንድ ጊዜ ዝም አለ። በሮች ወደ ታች ወረዱ። እኔና ሰይድ መኪናው ኋላ ሰገድን። ጋሽ ታደሰ አማተቡና ድምፅ በማያወጣ ሞረድ ሥራቸውን ቀጠሉ።

እዚያው፣ 9 ሰዓት

ቱቦዎቹ ተገጥመዋል፤ ግን ውስጣቸው አየር አለ። አየር ካለ ፍሬን አይይዝም አሉ። ሦስት ሰው ያስፈልጋል፤ አንዱ ጎማው ጋ ብሎን ይፈታል፣ አንዱ ከላይ የፍሬን ዘይት እንዳያልቅ ይሞላል፣ አንዱ ፔዳል ይረግጣል። አብሯቸው የሚሠራው ሰው አገሩ ሄዷል።

ጋሽ ታደሰ እኔን አዩኝ። ሰይድም አየኝ። ያኔ በዚያ አገር ሴት አትነዳም።

"እግር ብቻ ነው እህቴ። ሞተሩ ጠፍቷል" አሉና የጋራዡን በር እስከ ግማሽ አወረዱት።

ወደ ሾፌሩ ወንበር ተሸጋገርኩ።

"ሪያድ ውስጥ ዛሬ መሪ የጨበጠች ሴት አንቺ ብቻ ነሽ" አለ ሰይድ።

"አልጨበጥኩም። እጄ ጭኔ ላይ ነው።"

"ርገጪ!" አሉ ጋሽ ታደሰ ከቀኙ የኋላ ጎማ። "ያዢው… አትልቀቂ።" ፔዳሉ ከእግሬ ሥር ሰመጠ፤ ጮኼ ነገርኳቸው። "አብሽሪ፣ እንደዚያ ነው የሚሆነው። አሁን ልቀቂ። ርገጪ!"

ስንት ጊዜ እንደረገጥኩ አላውቅም። በየጎማው ዞሩ። ዘይቱን በሚቀበሉበት ጠርሙስ ውስጥ አረፋው እንደ ፈላ ውኃ ይወጣል አሉኝ፤ እኔ አላየሁትም፤ በእግሬ ግን ይሰማኛል። መጀመሪያ እንደ ሊጥ ነበር። ቀስ በቀስ እየደነደነ ሄደ። በመጨረሻ ግማሽ ላይ ቆመና አልወርድም አለ፤ ድንጋይ ሆነ። ሰይድ አንዱን ጎማ በሁለት እጁ ይዞ ለማዞር ታገለ፤ ንቅንቅ አላለም። ፊቱ ደም እስኪለብስ ታገለ። እኔ በዚህ ቀጭን እግሬ፣ ርቆ ያለውን ጎማ ይዤዋለሁ። በመሀላችን ያለው ከእስክሪብቶ የማይወፍር ቱቦና ጭልፋ የማይሞላ ዘይት ነው። ሱብሐን አላህ አልኩ።

"ልቀቂ፣ ኸላስ" አሉ ጋሽ ታደሰ። ለመልቀቅ ትንሽ ጊዜ ወሰደብኝ።

ወደ ዑለያ፣ ማምሻ 11 ሰዓት

ስንመለስ ፎቆቹ አካባቢ ስንደርስ አንድ ትልቅ መኪና ከጎን መጥቶ ፊታችን ገባ። ሰይድ ረገጠ። መኪናችን ወደ ግራም ወደ ቀኝም ሳትል ቀጥ ብላ ቆመች። ከኋላ ያሉት ክላክስ ይነፋሉ። ሰይድ ግን ቁልቁል እግሬን ያያል። እኔም ወለሉን ረግጫለሁ።

"ማናችን ነን ያቆምናት?" አለኝ።

"አንተ መንገዱን እይ" አልኩት።

ትንሽ ከሄድን በኋላ "ያን ቀለም…" ብሎ ጀመረና ተወው። እኔም አልጨረስኩለትም።

ልጆቹ ከፋጡማ በር ሮጠው መጡ። ማታ አዲስ ካርቶን ፈልጌ መኪናው ሥር አነጠፍኩ። ሰይድ በሩ ላይ ቆሞ አየኝ፤ አልሳቀም። ጎንበስ ብሎ የታጠፈውን ጥግ አቃናልኝ።

ዑለያ፣ በማግሥቱ ንጋት 11 ሰዓት

ካርቶኑን ሳብኩት። በመብራት አየሁት፤ በእጄ ዳሰስኩት፤ አሸተትኩት።

ደረቅ ነው። ገብቼ ልጆቹን ቀሰቀስኳቸው።