ደምቢያ የሚታይበት መታጠፊያ

በዚያ ባቡር ስሳፈር ያየ ሁሉ ይስቅብኝ ነበር፤ እውነቱን ነው። ባቡሩ ከጎንደር ከተማ ወጣ ብሎ ጋራው ላይ ባለ መዝናኛ ውስጥ ለልጆች ተብሎ የተሠራ ነው። ባቡር ይባል እንጂ ሐዲድ የለውም። አሮጌ ትራክተር ቆርቆሮ አልብሰው፣ የማያጨስ ጭስ ማውጫ ተክለውለት፣ ግራ ቀኙ ክፍት የሆኑ ሦስት ቀይ ጋሪዎች ያስጎትቱታል። አንድ ቀን በእግራቸው የሚሄዱ ሁለት ሴቶች ወሬያቸውን ሳያቋርጡ ቀድመውን አልፈዋል። ለእኔ ግን ልኬ ነው፤ እኔም እሱም የቀረን አንደኛ ማርሽ ብቻ ነው።

የወደድኩት ግን ለባለቤቴ ዓይን ስል ነው። ሐኪሙ የዓይኗ ዳር ዳር እንደጠፋ፣ የቀረው መሐሉ እንደሆነ፣ እሱም እየጠበበ እንደሚሄድ ነግሮናል። መድኃኒቱ ቢያዘገየው እንጂ አይመልሰውም።

«በሸምበቆ ቀዳዳ እንደማየት ነው» አለችኝ።

«ታዲያ ከእኔ ምኔ ይታይሻል?»

«አፍንጫህ። ከሱ የተረፈ ቦታ የለም።»

የተወለደችው ደምቢያ ነው፣ ከቆላ ድባ ትንሽ አለፍ ብሎ። ዓይኗ ሳይዘጋ የምትፈልገው አንድ ነገር ያንን ሜዳ ማየት ነበር። መንገዱ ደግሞ ዛሬ ተከፈተ ይባላል፣ ነገ ተዘጋ ይባላል፤ የታመመ ሰው ይዞ የሚገባበት አልነበረም። እንዲያው ከተማውን ትይ ብዬ በባጃጅ ላዞራት ሞከርኩ። ገና ከፒያሳ ሳንወጣ ዓይኗን ጨፈነች። በዚያች ቀዳዳ ነገሩ ሁሉ እልም እልም እያለ ያጥወለውላታል።

ሐምሌ ላይ መዝናኛው ውስጥ ልደት ተጠርተን ሄድንና፣ ሌላ መቀመጫ አጥተን ባቡሩ ላይ ተቀመጥን። ሲነሳ ዓይኗን አልጨፈነችም። ቆየት ብላ፣ «ልብስ የምታሰጣ ሴት» አለች። ከአጥሩ ማዶ አየሁ፤ እውነትም አለች። «ነጠላ ነው። አሁን ደግሞ ቀሚስ።» እኛ አልፈናት እስክንሄድ ሴትዮዋ አሰጥታ ጨረሰች።

«ምነው ሁሉም ነገር እንዲህ በቀስታ ቢያልፍልኝ» አለችኝ።

ሰው ለምን እንዲህ ባለ አዝጋሚ ነገር ላይ እንደሚሳፈር የገባኝ ያን ጊዜ ነው። የትም አያደርስም፤ ግን ዓይን የያዘውን ሳይቀማ ይወስዳል።

በጋራው ደቡብ በኩል አንድ መታጠፊያ አለ። እዚያ ሲደረስ ዛፉ ይገለጥና፣ አንድ አቡነ ዘበሰማያት እስኪደገም ድረስ ደምቢያ እስከ ጣና ተዘርግቶ ይታያል። ያን ዕለት ግን ደመና ነበር። ክረምቱን ሙሉ ሰማይ ስለምን ከረምኩ። እሷ ግድግዳችን ላይ ባለው የእመቤታችን ሥዕል ዓይኗን ትለካለች። በሐምሌ እናትና ልጁን አንድ ላይ ታይ ነበር። ነሐሴ ሲያልቅ አንዱ ሲገባላት ሌላው ይወጣባታል።

መስከረም ላይ አንድ ጠዋት ሰማዩ ታጥቦ አደረ። ይዣት በረርኩ፤ መብረር ካሉት። ሾፌሩ ጎልማሳ የማክሰኝት ሰው ነው። «አያ፣ እድል አለዎት» አለኝ፤ «ናፍጣዬ ለአንድ ዙር ብቻ ነው የምትበቃው።» ባለቤቴን በደምቢያ በኩል ጠርዙ ላይ አስቀመጥኳት፤ እኔ ከጎኗ።

ሊነሳ ሲል አንድ አረጋዊ ቄስ የልጅ ልጆቻቸውን ፊተኛው ጋሪ ላይ ጭነው ወደ እኛ መጡ። ረጅም ናቸው፤ ጥምጥማቸው ደግሞ ራሱን የቻለ ሰው ነው። እኔስ ምን አደረግሁ? «ኖር» ብዬ ተነሳሁ። ብቻዬን ብነሳ ደግ ነበር፤ እሷንም በክንዷ ይዤ አስነሳኋት።

«በእግዜር፣ በእግዜር፤ ተቀመጡ ልጆቼ።»

«አፈር ስሆን፣ አባ፣ ጠርዙ ላይ ይሁኑ፤ ነፋሻ ነው።»

«በሞቴ፣ ተው።»

«በሞትዎ አይበሉኝ።»

ተገፋፍተን ተገፋፍተን እኔ አሸነፍኩ። ሰባ ዓመት የተነሳ ጉልበት ራሴን አያማክርም። አባ ጠርዙን ያዙ፤ በባለቤቴና በደምቢያ መሐል ልክ እንደ ደብር ተተከሉ።

ባቡሩ ሲንቀሳቀስ የሠራሁት ሥራ ታየኝ። ቦታ ለቄስ ሰጥቶ መልሶ መጠየቅ በየትኛው አፍ? ከሚቀጥለው ዛፍ ስንደርስ እነግራቸዋለሁ እያልኩ ሦስት ዛፍ አለፈ። ያ ይሉኝታ የሚሉት ነገር ይዞኛል።

«ደረስን?» አለች በሹክሹክታ።

«ደረስን።»

«የታል?»

እሷም እንደኔው ናት፤ ቄስ ተሻግራ አንገቷን አታሰግግም። እጄን ጨበጠችኝ፤ ጥፍሯ ገባ። መታጠፊያው አለፈ።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት እኔ ነኝ። ስንወርድ አፌ ተፈታና ሁሉንም ለአባ ነገርኳቸው። «ምነው ልጄ፣ ምነው ቀድመህ ጎንበስ በል ብትለኝ» አሉና ፊታቸው ተለወጠ። ሾፌሩን ለመንነው፤ የነዳጁን ታንከር ክዳን ከፍቶ አሳየን። «እንግዲያው በእግራችን» አሉ አባ። እሳቸው በአንድ ክንዷ፣ እኔ በሌላው ይዘን ተነሳን። ጉልበቷ ደካማ ነው፤ በየአሥር እርምጃው እንቆማለን። ከበታች ደመናው መነሳት ጀምሮ ነበር። አየሁት። ልጎትታት ቃጣኝ፤ እንዴት ይጎተታል?

ስንደርስ ሜዳ የለም። ጤፍ የለም፣ ኑግ የለም፤ ከእግራችን በታች ሁሉም ደመና ነው። እሷ ፊቷን አዙራ በቀዳዳዋ ትፈልጋለች። ብዙ ፈለገች።

«ያ ነጩ ጣና ነው?» አለች።

ዕድሜዬን ሙሉ ለቀልድ ስዋሽ የኖርኩ ሰውዬ ወደ አባ ዞርኩ። አባ መስቀላቸውን ጨበጥ አድርገው፣ «አዎ ልጄ፣ ጣና ነው» አሉ።

«እንዲህ ቅርብ ነበር እንዴ» አለችና አለቀሰች።

በማግስቱ ሰማዩ ከዚያም በላይ ጠራ። ሾፌሩም ናፍጣ አገኘ ተባለ። ጫማዬን አጠለቅሁ። አጥልቄ ሳስበው፣ ብወስዳት ጣና ከትናንት ቦታው ርቆ ሊገኝ ነው፤ አባም በስተርጅና ውሸታም ሊሆኑ ነው። ቄስ ዋሹሽ ብዬ እንዴት እነግራታለሁ? ጫማዬን አወለቅሁ። ሰማዩ ሳምንት ሙሉ እንደጠራ ቆየ፤ በየጠዋቱ ደጅ ወጥቼ አየዋለሁ፣ ተመልሼ እገባለሁ። ጥቅምት ሳይጋመስ ዓይኗ ተዘጋ።

አሁን ጎረቤት በመጣ ቁጥር፣ «ደምቢያን አየሁ እኮ፤ ጣና ሜዳውን ሁሉ ሞልቶታል» ትላለች፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞር ትልና፣ «አይደለም እንዴ?» እኔ ራሴን እነቀንቃለሁ። እሷ ትጠብቃለች። መነቅነቄ እንደማይታያት ትዝ ሲለኝ ድምፅ አውጥቼ «አዎ» እላታለሁ።