የሄይዋርዱ ባስቲል

ዛሬ ጠዋት አንድ ረጅም ወጣት ሱቄ ገብቶ ባንኮኒዬ ላይ ቁልፍ አስቀመጠ። «ከአያቴ ኮት ኪስ…» ብሎ ጀምሮ የቀረውን በእንግሊዝኛ ጨረሰው፤ ቁልፉ የእኔ እንደሆነ አያቱ ነግረውት ነበር። ሳነሳው ጣቴ ላይ የቀረው የነሐስ ሽታ ከበርበሬውም ከኮረሪማውም በላይ ሆነብኝ። ሱቁን የምትይዝልኝ ልጅ እስክትመጣ ላውራህ። በዚህ ቁልፍ ምክንያት አንድ መንግሥት ወድቋል።

ያን ጊዜ ወጣት ነበርኩ። ሱቅ የለኝም፤ ያለችኝ በሯ በገመድ የሚታሰር ቫን ናት። በእሷ ካሊፎርኒያ ውስጥ ከኦክላንድ ሳን ሆዜ እየተመላለስኩ ሽንኩርትም ስልክም፣ የተገኘውን ሁሉ እሸጥ ነበር። ዕድራችን ወንበሮቹንና ትልልቅ ድስቶቹን በመንገዱ መሃል ባለችው ሄይዋርድ ከተማ በተከራየው የዕቃ ማከማቻ፣ ስቶሬጅ፣ ያስቀምጣል። ቁልፉ አንድ ነው፤ እሱም ሊቀመንበሩ ኪስ ውስጥ። ሰውዬው የመረጧቸውን ሰዎች ግማሹን በክብር ቀብረዋል፤ ከወንበራቸው ግን ንቅንቅ አላሉም። ዕድሩ በየዓመቱ ካላንደር ያሳትማል፤ ፎቶው የሳቸው ነው።

አንድ እሁድ፣ ኦክላንድ፣ ሌክ ሜሪት የሚባለው ሐይቅ አጠገብ ለምትኖር ነርስ የእናቷ መርዶ ተነገራት። ቤቷ በሰው ሞላ። ሽማግሌዎች ግድግዳ ተደግፈው ቆሙ፤ ሀዘንተኛዋ እያለቀሰች «እባካችሁ ተቀመጡ» ትላለች፤ መቀመጫ የለም። ሊቀመንበሩ ሳን ሆዜ፣ የሚኖሩበት ልጃቸው ቤት ናቸው። ሲደወልላቸው፣ «ነገ ራሴ መጥቼ እከፍታለሁ፤ የዕድር ቁልፍ በሰው እጅ አይላክም» ብለው ዘጉ።

ከሴቶቹ ምላሷ የሚፈራው ፀጉር ሠሪዋ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አጠበቀች።

«ሰው ቆሞ ያለቅሳል እንዴ? አንተ ባለቫን፣ ወደ ሳን ሆዜ አስነሳ!»

ሴቶቹ ከኋላ የሽንኩርት ጆንያ ላይ ተደረደሩ። ከጎኔ፣ በንጉሡ ዘመን ተማሪ ሆነው ሰልፍ የወጡ፣ ኋላም ታሪክ ሲያስተምሩ ጡረታ የወጡ ጋሼ ተቀመጡ። እኔ ፍሪዌይ ሳልገባ እሳቸው ፈረንሳይ ገቡ።

«ይሄ እኮ ተደርጓል» አሉ። «ፓሪስ ዳቦ ሲጠፋ የገበያ ሴቶች በዝናብ፣ በእግራቸው ቤተ መንግሥቱ፣ ቬርሳይ ድረስ ሄደው ንጉሡን ከነሚስቱ ከነልጁ ይዘውት መጡ። ከዚያ ወዲያ ዘውዱን ቢጭንም የሕዝብ እስረኛ ነበር። ቆይቶ ዘውዱም ቀረ፤ ጭንቅላቱም ቀረ።»

«እሰይ የኔ እናቶች!» አለች ፀጉር ሠሪዋ ከሽንኩርቱ መሃል።

«ግን ቅደም ተከተሉን አበላሽታችሁታል። መጀመሪያ የሚሰበረው እስር ቤቱ ነው፣ ባስቲል። እናንተ ከቬርሳይ ጀመራችሁ» አሉ ጋሼ።

«ጋሼ፣ የኛ ባስቲል ቁልፍ ያለው ቬርሳይ ነው፤ ታዲያ ምን እናድርግ?» አለች ፀጉር ሠሪዋ።



እኔ ግን በዳቦ ምክንያት ንጉሥ ወደቀ መባሉ አልገረመኝም። ደንበኛ ዋጋ ሲጨመርበት ያጉረመርማል፤ ዕቃው ጠፍቶ ባለሱቁ ሲኮራበት ግን ድንጋይ ያነሳል።

ልጃቸው ቤት ስንደርስ የጋራዡ በር ወደ ላይ እየተሳበ ነው። የሕፃን ልጅ ኮፍያ አናታቸው ላይ የደፉ፣ ጥቁር መነጽር ያደረጉ ሰው ወደ መኪናቸው ሲገቡ ደረስንባቸው።

«ጋሼ ሊቀመንበር፣ ወዴት ነው?» አለች ፀጉር ሠሪዋ።

«ተሳስተሻል፤ እሳቸው የሉም።»

«ኧረ ባክዎ! ዓመቱን ሙሉ ፍሪጄ ላይ እርስዎን እያየሁ ነው ወጥ የምሠራው!»

ጋሼ በደስታ ጭናቸውን መቱ። «ያ የፈረንሳይ ንጉሥ፣ ሉዊም እንዲሁ ነው የተያዘው! አሽከር መስሎ ሊያመልጥ ሲል፣ ገንዘቡ ላይ ባለው መልኩ ለዩት ይባላል!»

የኛን ንጉሥ ፊት ወንበር ላይ አስቀመጥናቸው፤ ጋሼ ከነታሪካቸው ወደ ሽንኩርቱ ተዛወሩ። መንገድ ላይ ያሉት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ቀድሜያችሁ ሄጄ ትንሽ ላስተካክል ነበር።»

ሴቶቹ ተያዩ። ድስቶቹን ሸጠዋቸዋል የሚል ሐሜት ነበር።

ሄይዋርድ፣ ስቶሬጁ በር ላይ፣ ቁልፉን ይዘው ፊታችን ቆሙ። «እናንተ እዚሁ ቆዩ፤ እኔ አወጣላችኋለሁ» አሉ። ማን ሊሰማቸው! የቆርቆሮው በር እየጮኸ ተጠቀለለና የከሰዓት ፀሐይ ገባ። ድስቶቹ ፊት እስኪያሳዩ ተወልውለዋል። ወንበሮቹ ላስቲክ ለብሰው እንደ ወታደር ቆመዋል። ጥጉ ላይ አንድ ወንበር ብቻ ተዘርግቷል፤ ትራስ አለው። አጠገቡ ትንሽ ሬዲዮ፣ ቴርሞስና የብርቱካን ልጣጭ። ልጣጩ ገና ይሸታል።

«ልጆቹ ሥራ ሲሄዱ… ሕፃኑ የልጅ ልጄም ትምህርት ቤት ሲሄድ…» አሉ ንጉሡ።

ፀጉር ሠሪዋ ሬዲዮውን አነሳች፤ በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችና መልሳ አስቀመጠችው። ጋሼ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ «ባስቲል ሲከፈትም ውስጡ የተገኙት እስረኞች ጥቂት ነበሩ» አሉኝ። «እዚህ ደግሞ አንድ።»

«በሉ ምን ያፈዛችኋል! ሰው ቆሟል!» አለች እሷ። ድምጿ ግን የቅድሙ አልነበረም። ከሁላችንም ብዙ ወንበር የተሸከሙት ሊቀመንበሩ ናቸው።

በሚቀጥለው ስብሰባ ዘውዱ ወረደ። እጅ ይውጣ ሲባል ራሳቸውም አወጡ። ሪፐብሊክ ሆንን፤ ለኮሚቴው ሁሉ ቁልፍ ተቀረጸ። ዋናው ለእኔ ለባለቫኑ ደረሰኝ። ጋሼ ወደ ጎን ወሰዱኝና፣ «ፈረንሳዮች እዚህ ላይ አንገት ቆረጡ። እኛ እንኳ ትንሽ እንሻል፤ ቁልፉን መልሰህ ስጣቸው» አሉኝ። ሰጠኋቸው። ከዚያ ወዲያ በሄይዋርድ ባለፍኩ ቁጥር በሩ እኩሌታ ተከፍቶ ሬዲዮው ሲያወራ ይሰማኛል። ክላክስ አድርጌ አልፋለሁ። ጋሼ ካረፉ እንኳ ቆዩ።

ሊቀመንበሩ ያረፉት ትናንት ነው። ቤታቸው በሰው ሞልቷል አሉ፤ ሰውም ቆሟል። ቁልፍ ያለው ሁሉ ስቶሬጁን ሌላው ይከፍተዋል ብሎ አበባ ይዞ መጥቷል። ጋሼ ቢኖሩ ለዚህም አንድ ታሪክ አያጡም ነበር።

ይኸው ልጅቷ መጣች። ያ ረጅሙ ወጣት፣ የኮፍያው ባለቤት፣ ቫኑ ውስጥ እየጠበቀኝ ነው። ወንበሮቹን ሁሉ አመጣለሁ። ባለ ትራሱን ግን ማንም አይነካውም። ሰው አለው።