በያኢሽ ተራ የደረሰው አንቀጽ

ያኢሽ ኖራ ቀቢ ነበር። በእስራኤል፣ በሮሽ ሃዓይን ከተማ፣ በየመን አይሁዶች ሰፈር፣ የእሱ እጅ ያልነካው ግድግዳ ጥቂት ነው። ማታ ሲገባ ቅንድቡ ሳይቀር ነጭ ስለሚሆን ሚስቱ ናድራ፣ "ዛሬም ሳታረጅ ሸብተህ መጣህ?" እያለች ትቀበለዋለች። በዓመት ሁለት ቀን ግን ኖራውን ታጥቦ ሌላ ሰው ይሆናል። በአዲስ ዓመት በዓል በምኩራባቸው ቀንደ መለከት የሚነፋው እሱ ነው።

ሳንባው የበሬ ነው ይሉታል። የሚነፋው የበግ ቀንድ ግን አጭር፣ ድምፁም የሰለለ ነበር። ከጸሎት ሲወጡ፣ "ያኢሽ፣ በግህ ጉንፋን ይዞት ነው እንዴ የታረደው?" ይሉታል። እሱም አብሮ ይስቃል። ሆዱ ግን አይስቅም፤ የአባባ ሱሌማንን ቀንድ ያውቀዋላ!

አባባ ሱሌማን ጎረቤቱ ናቸው። ቀንዳቸው ረጅምና የተጠማዘዘ ነው፤ አያታቸው የነፉበት፣ አባታቸው በጨርቅ ጠቅልለው ከየመኑ ሐይዳን እስከ ኤደን ወደብ በእግራቸው ያመጡት። ጥርሳቸው ካለቀ ወዲህ መንፋቱን ትተው ከአልጋቸው በላይ በምስማር ሰቅለውታል። አንድ ቀን ያኢሽ ግድግዳቸውን ሊቀባ ገብቶ ቀንዱን ሲያወርድ አላስችለው አለና ነፋበት። አንድ ጊዜ ብቻ። የሰፈሩ ውሻ ሳይቀር ዝም አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እህል አልጣመውም።

"አባባ፣ ይሽጡልኝ።"

"አይሸጥም ልጄ።"

በሳምንቱ ናድራን ጃሕኑን የሚሉትን የሰንበት ቂጣ አስይዞ ላከ። ቀጥሎ የምኩራቡን ሽማግሌዎች፣ ቀጥሎ የሰውየውን የገዛ አማች። ሰንበት ከሰዓት ጫት ይዘው ሲቀመጡ እንኳ ጨዋታውን አዙሮ አዙሮ እዚያው ቀንድ ላይ ያሳርፈዋል። "ሸረሪት ከሚያደራበት! ለእግዚአብሔር ክብር እኮ ነው፣ አባባ!"

በመጨረሻ ሽማግሌው ታከታቸው። "ውሰደው በቃ። ውሰደውና ልረፍ።"

ያኢሽ ከዋጋው እጥፍ ከፈለ። ማንም ሊያማኝ አይችልም፣ ንጹሕ ግዢ ነው አለ ለራሱ።

በዓሉ ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ እንደ ልማዳቸው ከምሽቱ ጸሎት በፊት ክብ ሠርተው ለንባብ ተቀመጡ። የሕጉን መጽሐፍ የሚያነቡት በተራ ነው፤ አንድ ሰው አንድ አንቀጽ ጮክ ብሎ ያነባል፣ ሞሪ የሚሏቸው መምህራቸው ፒንሐስ ያርማሉ። የሚደርሰውን አንቀጽ የሚመርጥ የለም። የዚያን ዕለት "አትመኝ" የሚለው ትእዛዝ ላይ ደርሰው ነበር፤ ተራው ደግሞ የያኢሽ ሆነ። ጉሮሮውን ጠርጎ ጀመረ። የባልንጀራውን ዕቃ ወድዶ፣ አማላጅ አብዝቶ፣ ባለቤቱ እስኪሰለቸው ነዝንዞ የወሰደ ሰው፣ የፈለገውን ያህል ቢከፍል እንኳ...

እዚያ ላይ ድምፁ ጠፋ። ያ የበሬ ሳንባ አንድ መስመር መግፋት አቃተው።

"ቀጥል እንጂ፣ ምን ነካህ?" አሉ ሞሪ።

"ሞሪ... ከፍሎም?"

"ከፍሎም።"

"ለሰማይ ክብር ብሎስ?"

ሞሪ በመነጽራቸው አናት አዩት። "ሌባ እንኳ ሲሰርቅ ያፍራል። ይሄኛው ግን ተመራርቆ ነው የሚወጣው። ሌላው ትእዛዝ ደጅ ቆሞ ይጠብቅሃል፣ ልጄ። ይሄ ግን ዘልቆ ልብህ ውስጥ ይቀመጣል።"

ነገሩ የገባው ሥጋ ሻጩ ሐይም ሊያወጣው ፈለገ። "ሞሪ፣ በተሰረቀ ቀንድ ቢነፋም የሰማው ሰው ግዴታውን ተወጥቷል፣ ድምፅ አይሰረቅም ተብሎ የለ?"

"ልክ ነህ። ሰሚው ነጻ ነው" አሉ። ስለ ነፊው ግን ትንፍሽ አላሉም።

ያኢሽ ፈራ። የፈራው ቅጣቱን አልነበረም። ሰማይን የዘረጋ አምላክ ጎንበስ ብሎ፣ በአንድ ኖራ ቀቢ ልብ ውስጥ ምን እንደተሰቀለ ማየቱ ነው ያንቀጠቀጠው።

በነጋታው ቀንዱን ታቅፎ የአባባ ሱሌማንን በር አንኳኳ።

"አባባ፣ ነጠቅኩዎት።"

"ከፍለሃል እኮ።"

"ከፍዬ ነው የነጠቅኩዎት።"

ሽማግሌው ከአልጋቸው በላይ ያለውን ባዶ ምስማር ጠቆሙት። "ጠዋት ዓይኔን ስገልጥ መጀመሪያ የማየው እሱን ነው። ከአንተ ጋር ከምጣላ ብዬ ነው የሰጠሁህ።" ገንዘቡን ከፍራሹ ሥር አወጡት፤ እንደታሰረ ነው። "እንካ። ቀንዱን ግን አንተው ስቀለው፣ እኔ አልደርስበትም።"

ያኢሽ ወንበር ላይ ወጥቶ ሰቀለው። ጣቶቹ ለመልቀቅ ጊዜ ወሰደባቸው።

"አሁንስ ቀለለህ?" አለችው ናድራ ቤት ሲገባ።

"እጄን ቀለለው። ልቤ ግን መልሼውም ይመኘዋል።"

"እሱን ደግሞ ለማን ትመልሰው ይሆን!" ብላ ሳቀች። እሱ ግን አልሳቀም። ሰው እጁን ይሰበስባል፤ ልቡን እንዴት ብሎ ይሰበስባል? በዚህ ልብ እንዴት ሰው ፊት ቆሜ እነፋለሁ? እስከ በዓሉ ድረስ ይኸው አስጨነቀው።

በበዓሉ ቀን አባባ ሱሌማን ቀንዳቸውን ይዘው መጡ። "ብቻውን ቤት ልተወው?" ብለው ከፊት ተቀምጠው ጉልበታቸው ላይ አጋደሙት። ሰው ሁሉ ቀንዱን አየ፣ ያኢሽንም አየ። ያኢሽ ያቺን አጭር ቀንዱን አወጣ። "ወይ በጉ!" አለ አንዱ በሹክሹክታ። ከዚያ ምርቃቱ ተባለና ምኩራቡ ጸጥ አለ።

ነፋ። የመጀመሪያው ድምፅ ሻከረ። ሁለተኛው ቀና። ከዚያ በኋላ ያኢሽ የሚያውቀው ትንፋሹንና የሞሪን ድምፅ ብቻ ነው፤ እሳቸው የሚነፋውን ይጠራሉ፣ እሱ ይነፋል። የመጨረሻው ረጅም ድምፅ አልቆ ቀንዱን ከከንፈሩ ሲያወርድ፣ ዓይኑ በአባባ ሱሌማን ጉልበት ላይ አረፈ። ያ ቀንድ እዚያው ተጋድሟል።

ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ረስቶት ነበር።

ጸጉሩ ቆመ። ልቡን እንዲህ የሰበሰበው እሱ አይደለም፤ ማድረግም አይችልም ነበር። ከጸሎት ሲወጡ አባባ ሱሌማን ክርኑን ያዝ አድርገው፣ "በጉ ዘንድሮ ተሽሎታል መሰለኝ" አሉት። ያኢሽ ጎንበስ ብሎ እጃቸውን ሳመ። ፊቱ ኖራ የቀቡት ያህል ነጥቶ ነበር።